የአገሮች የወሊድ መጠን ሲነጻጸር፦ ለአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን የዓለም ሕዝብ ዕድገት ፍጥነቱ እየቀነሰ መምጣቱን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን አብዛኞቹ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ ይኸውም የአንዱን አገር የወሊድ መጠን ከሌላው ጋር፣ ያውም በረጅም ዘመን ውስጥ፣ እንዴት ማነጻጸር ይቻላል የሚለው ነው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን የሚከተሉትን መርጠናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የደቡብ ኮሪያን የ2023 የወሊድ መጠን አንድ ቦታ 0.72፣ ሌላ ቦታ ደግሞ 4.5 ተብሎ አነበብሁት። የትኛው ነው ትክክል? አገርን ከአገር ለማወዳደርስ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን ለየቅል ነው። 4.5 የተባለው ጥሬ የውልደት መጠን ሲሆን፣ በዓመቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ ሺህ ነዋሪ ስንት ሕፃን እንደ ተወለደ ይነግረናል። በዚህ ስሌት ነዋሪ የሆነ ሁሉ ይቆጠራል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንትም፣ የሦስት ዓመት ሕፃንም፣ ወንዱም ሴቱም በአካፋይነት ይገባሉ። 0.72 የተባለው ግን ጠቅላላ የወሊድ መጠን ነው፤ ይህኛው የሚመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች ብቻ ነው።

የሁለተኛው አሰላል ብዙ ጊዜ ሳይብራራ ስለሚታለፍ እዚህ እናሳየው። በአንድ ምናባዊ አገር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ አንድ ሺህ ሴቶች 10 ሕፃናት ተወለዱ እንበል። ከ20 እስከ 24 ካሉት ሺህ ሴቶች 60፣ ከ25 እስከ 29 ካሉት 110፣ ከ30 እስከ 34 ካሉት 100፣ ከ35 እስከ 39 ካሉት 50፣ ከ40 እስከ 44 ካሉት 10፣ ከዚያ በላይ ካሉት ደግሞ ማንም አልተወለደም። ድምሩ 340 ነው። አንዲት ሴት በእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል አምስት አምስት ዓመት ስለምትቆይ 340ን በ5 ስናባዛ 1,700 እናገኛለን፤ ይህ የሺህ ሴቶች ነውና ለአንዲት ሴት 1.7 ልጅ ይደርሳታል። የሽማግሌዎችና የልጆች ብዛት፣ የወጣት ሴቶችም ማነስ ወይም መብዛት፣ በዚህ ውጤት ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ለማነጻጸሪያነት የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥሬው መጠን የት ላይ እንደሚያሳስት ለማየት የ1980ዎቹን ቻይና ማስታወስ ይበቃል። በ1980 ለሺህ ነዋሪ 18 ገደማ የነበረው የውልደት መጠን በ1987 ወደ 23 ከፍ ብሏል። የአንድ ልጅ ፖሊሲ በሥራ ላይ እያለ ይህ መሆኑ ላይ ላዩን ሲታይ ግራ ያጋባል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ግን የዕድሜ ስብጥር ነበር፤ ከ1959 እስከ 1961 የነበረው ታላቅ ረኃብ ካለፈ በኋላ በብዛት የተወለዱት ልጆች አድገው ትዳር መመሥረትና መውለድ የጀመሩት በእነዚሁ ዓመታት ነው። እያንዳንዷ እናት የምትወልዳቸው ልጆች ሳይበዙ የእናቶቹ ቁጥር በዝቶ ነበር።

የማዋለጃ ክፍል ወይም የአንደኛ ክፍል መማሪያ ስንት እንደሚያስፈልግ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ የሕፃናቱን ቁጥር ራሱን ቢያይ ይሻለዋል። በደቡብ ኮሪያ በ1970 አንድ ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ሲወለዱ በ2023 የተወለዱት 230 ሺህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጠቅላላ የወሊድ መጠን ለአንዲት ሴት የሚደርሳት የልጅ ቁጥር ከሆነ፣ በስዊድን በ1990 2.1 የነበረው በ1999 1.5፣ በ2010 ደግሞ እንደገና 2 ገደማ መሆኑ ምን ማለት ነው? የስዊድን እናቶች በሃያ ዓመት ውስጥ ሐሳባቸውን ሁለት ጊዜ ቀየሩ?

መልስ፦ አልቀየሩም፤ ጥያቄዎ ግን የጉዳዩን ዋና ቋጠሮ ነክቷል። ከላይ ያሰላነውን 1.7 ልጅ የምትወልደው «ሴት» በእውኑ ዓለም የለችም። የ20 ዓመቷ ወጣት፣ የ30 ዓመቷ ጎልማሳና የ42 ዓመቷ እናት በአንድ ዓመት ውስጥ ያደረጉትን ገጣጥመን የፈጠርናት ናት። በስሌቱ ውስጥ የዛሬዋ የ20 ዓመት ወጣት ሠላሳ ሲሞላት የዛሬዋ የ30 ዓመት ሴት ያደረገችውን ትደግማለች የሚል ግምት ተደብቋል፤ ይህ ግምት የሚሠራው ደግሞ ሴቶች የሚወልዱበት ዕድሜ ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ነው። ሴቶች መውለድን ለሁለት ለሦስት ዓመት ሲያዘገዩ፣ በመጨረሻ የሚኖሯቸው ልጆች ባያንሱ እንኳ፣ የዓመቱ መጠን ይወርዳል፤ ሲያፋጥኑ ደግሞ ያሻቅባል።

በስዊድን የታየው በአመዛኙ ይኸው ነው። በ1980ዎቹ፣ ተከታዩን ልጅ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የወለዱ ወላጆች የወሊድ ፈቃድ ክፍያቸው ከመጀመሪያው ልጅ በፊት በነበራቸው ገቢ መሠረት እንዲሰላላቸው የሚያደርግ ሥርዓት ተዘረጋ፤ በ1986ም የጊዜ ገደቡ ወደ 30 ወር ተራዘመ። ብዙዎች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ልጅ አቀራርበው ስለወለዱ መጠኑ በ1990 ጣሪያ ነካ። ወዲያው የ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ሥራ አጥነት በዛ፣ ወጣቶችም ትምህርታቸውን አራዘሙ፣ መጠኑም አሽቆለቆለ። በዚያ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ ያለፉት ሴቶች የመውለጃ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲቆጠሩ ግን፣ በአማካይ ያሏቸው ልጆች ወደ ሁለት የሚጠጉ ሆነው ተገኙ፤ ከእናቶቻቸውም እምብዛም አልራቁም።

በጃፓን ደግሞ ተመሳሳይ ነገር በአንዲት ዓመት ውስጥ ተጠቃሎ ታይቷል። በምሥራቅ እስያ የዘመን ዑደት በየ60 ዓመቱ የሚመጣ «የእሳት ፈረስ» የሚባል ዓመት አለ፤ በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ጠባየ ኃይለኛ ትሆናለች፣ ለባሏም አትበጅም የሚል የቆየ እምነት በጃፓን ነበረ። 1966 ያ ዓመት ነበር። በ1965 ከ1.82 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት የተወለዱ ሲሆን፣ በ1966 ቁጥሩ ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ፤ በ1967 ደግሞ ከ1.93 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ጠቅላላ የወሊድ መጠኑም ከ2.14 ወደ 1.58 ወርዶ በዓመቱ 2.23 ደረሰ። 1966ን ለብቻው ነጥሎ ከሌላ አገር ጋር ያነጻጸረ ሰው ስለ ጃፓን ቤተሰብ ያወቀው ነገር አይኖርም። በ1989 መጠኑ 1.57 ሆኖ ከእሳት ፈረሱ ዓመት በታች ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ የሚፈራ ዓመት አልነበረም፤ ወጣቶች ትዳርን ዓመት ከዓመት ሲያዘገዩ ነው የቆዩት። ጃፓናውያን «የ1.57 ድንጋጤ» ብለው የሰየሙትም ይህንኑ ነው።

የመዘግየትን ተጽዕኖ ከቁጥሩ ለይቶ ለማውጣት ጆን ቦንጋርትስና ግሪፊዝ ፊኒ የተባሉ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች በ1998 አንድ ቀመር አቅርበዋል። ቀመሩ ጠቃሚ ቢሆንም በባለሙያዎች ዘንድ አሁንም ያከራክራል። በእኛ አስተያየት ለጠቅላላ አንባቢ የሚበጀው፣ ከዓመቱ መጠን ጎን በአንድ ዘመን የተወለዱ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን የወለዷቸውን ልጆች አማካይ ማስቀመጥ ነው። ይህ የእኩዮች ስሌት ምንም ምናባዊ ሴት የለበትም። ጉድለቱ ማዝገሙ ነው፤ በ1990 የተወለዱትን ለመቁጠር ቢያንስ 45 ዓመት እስኪሞላቸው መጠበቅ ግድ ይላል።

ጥያቄ፦ ትውልድን ለመተካት 2.1 ልጅ ያስፈልጋል ይባላል። ለምን 2 ብቻ አይበቃም? ከ2.1 በታች የወረዱ አገሮችስ ለምን ሕዝባቸው ይጨምራል?

መልስ፦ በተፈጥሮ ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ገደማ ወንዶች ስለሚወለዱ፣ እያንዳንዷ እናት አንዲት ሴት ልጅ እንድትተካ በአማካይ 2.05 ልጅ መውለድ አለባት። ከሴት ልጆቹም ጥቂቶቹ ለእናትነት ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ 2.1 የሚባለው እነዚህን አካቶ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለሁሉም አገርና ዘመን አንድ አይደለም። የሕፃናት ሞት ከባድ በነበረባቸው ጊዜያት መተኪያው ከ3 በላይ ይደርስ ነበር። ወንድ ልጅን በመምረጥ ምክንያት በ1990 በደቡብ ኮሪያ ለ100 ሴት ሕፃናት 116 ያህል ወንዶች ይወለዱ ስለነበር፣ እዚያም መተኪያው ከ2.1 ከፍ ያለ ነበር። የ18ኛውን ክፍለ ዘመን አውሮፓ ከዛሬ አገሮች ጋር በአንድ የ2.1 መስመር የሚለካ ሥዕል ባየን ቁጥር የምንጠራጠረውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የጊዜ ጉዳይ ነው። ቀደም ሲል ብዙ የተወለዱባት አገር ብዙ ወጣት ሴቶች ስላሏት፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢወልዱም የሚወለዱት ለጊዜው ከሚሞቱት ይበልጣሉ። ደቡብ ኮሪያ ከመተኪያው በታች የወረደችው በ1983 ነው፤ ሕዝቧ መቀነስ የጀመረው ግን በ2020ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። ቻይናም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወርዳ ሕዝቧ እስከ 2021 ጨምሯል። በሕንድ ከ2019 እስከ 2021 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መጠኑን 2.0 ቢያገኘውም፣ አገሪቱ በ2023 ቻይናን በልጣ የዓለም ቀዳሚ ሆናለች።

ጥያቄ፦ አገሮች ሀብታም ሲሆኑ ልጅ ይቀንሳሉ፤ ድሆቹም እንደ በለጸጉ ይከተላሉ የሚለው አባባል በታሪክ ይደገፋል? ማንስ ቀድሞ ጀመረ? ማን ፈጠነ?

መልስ፦ የዛሬዎቹን አገሮች ብቻ ለሚያይ ሰው አባባሉ እውነት ይመስላል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ልጅን መወሰን በስፋት የጀመረችው ፈረንሳይ ናት፤ ያም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን ሕዝቧ በአብዛኛው ገበሬ ነበር። ፋብሪካና ባቡር የቀደመባት እንግሊዝ ዘላቂውን ቅነሳ የጀመረችው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1870ዎቹ ነው። በአንስሊ ኮል መሪነት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ1963 ጀምሮ የተካሄደው ሰፊ ጥናት የአውሮፓን ክፍለ አገሮች አንድ በአንድ መርምሮ፣ ቅነሳው የሚጀምርበት አንድ የሀብት ደረጃ ወይም የከተሜነት መጠን እንደሌለ አሳይቷል። ጎረቤት የሆኑና አንድ ቋንቋ የሚናገሩ አካባቢዎች፣ በኑሮ ደረጃ ቢለያዩም፣ ብዙውን ጊዜ አብረው ቀንሰዋል። ይህ ግኝት ወሬና ልማድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉበት መንገድ ከደመወዝ ያላነሰ ኃይል እንዳለው ይጠቁማል።

መነሻውም እኩል አልነበረም። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪው ጆን ሃይናል በ1965 እንዳመለከተው፣ ከሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ እስከ ጣሊያኗ ትሪየስተ ከሚሰመር መስመር በስተምዕራብ ያሉ ሴቶች ከሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በኋላ ያገቡ ነበር፤ ጥቂት የማይባሉትም ሳያገቡ ይቀሩ ነበር። በዚህ ምክንያት የስዊድን እናቶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ምንም የወሊድ መከላከያ ሳይኖር፣ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ልጅ ነበራቸው። ሴቶች ገና በለጋ ዕድሜያቸው የሚዳሩባቸው ብዙ የእስያና የአፍሪካ አገሮች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተነሡት ከ6 ወይም ከ7 ነው። ከሰባት ወደ አራት የወረደችን አገር ከአምስት ወደ ሁለት ከወረደች ጋር አስተያይቶ «ገና ናት» ማለት የተጓዘችውን መንገድ አለመቁጠር ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ከ6 ልጅ ወደ 3 ለመውረድ ብሪታንያ 95 ዓመት ገደማ፣ አሜሪካ 80 ዓመት ገደማ ወስዶባቸዋል። ባንግላዴሽ በሃያ ዓመት ያህል፣ ኢራን ደግሞ በአሥር ዓመት ብቻ ጨርሰውታል።

የኢራን ታሪክ ጠለቅ ተብሎ ቢታይ ብዙ ያስተምራል። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ የቤተሰብ ምጣኔ ፕሮግራሙ ተቋርጦ ነበር፤ ከኢራቅ ጋር በነበረው ጦርነት ዘመንም ብዙ መውለድ ይወደስ ነበር። የ1986ቱ ቆጠራ የሕዝቡን ፈጣን ዕድገት ካሳየ በኋላ፣ ያው መንግሥት በ1989 ፕሮግራሙን መልሶ አቋቋመ፤ በ1993 በወጣ ሕግም ለአራተኛ ልጅ ይሰጡ የነበሩ ጥቅሞችን ሰረዘ። በየገጠሩ ከየመንደሩ ሰው የተመለመሉ የጤና ሠራተኞች የሚያገለግሉባቸው ጤና ቤቶች ነበሩና፣ ክትባቱም የእርግዝና መከላከያውም በዚያው ይሰጥ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ6 በላይ የነበረው የወሊድ መጠን በ2000 ገደማ ወደ 2 ወረደ። ሆኖም ቁልቁለቱ የጀመረው ፕሮግራሙ ከመመለሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የሕፃናት ሞት ቀንሶ፣ ሴቶች ልጆች በገጠር ሳይቀር ትምህርት ቤት መግባት ጀምረው ነበር። ፕሮግራሙ ቀድሞ የተነሣውን ፍላጎት አገኘው ማለት ይቀላል። መንግሥት አቋሙን ዳግመኛ ቀይሮ በ2021 የነጻ መከላከያ አቅርቦትን የሚገድብ ሕግ ቢያወጣም፣ የወሊድ መጠኑ ከመተኪያው በታች እንደሆነ ነው።

ባንግላዴሽ ደግሞ እጅግ ድሃ ሳለች ነው የቀነሰችው፤ ሴት የቤተሰብ ምጣኔ ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ ከደጃፍ ርቀው ለማይሄዱ እናቶች አገልግሎቱን አደረሱላቸው። በአንጻሩ በኒጀር የ2012ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 7.6 ልጅ ነው ያገኘው። በእነዚህ ሁለት አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በነፍስ ወከፍ ገቢ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የቻይናን የወሊድ መጠን የቀነሰው የአንድ ልጅ ፖሊሲ ነው ይባላል። በእርግጥ አንድ መንግሥት በአዋጅ ወሊድን መቀነስ ወይም መጨመር ይችላል?

መልስ፦ የቻይናን ትልቁን ቁልቁለት ዓመቱን እያዩ ቢከተሉት፣ በ1970 5.8 ገደማ የነበረው መጠን በ1979 ወደ 2.7 ወርዶ ያገኙታል። የአንድ ልጅ ፖሊሲ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የ1970ዎቹ ዘመቻ «ዘግይታችሁ አግቡ፣ አራርቃችሁ ውለዱ፣ ጥቂት ውለዱ» የሚል ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ከማስገደድ የጸዳ አልነበረም። ታይላንድ በበኩሏ በ1970 ከ5 በላይ ከነበረው ተነሥታ በ1990 ገደማ ወደ 2 የወረደችው የልጅን ቁጥር የሚገድብ ሕግ ሳይኖራት ነው። ስለዚህ ፖሊሲው የቤተሰቦችን ሕይወት በብርቱ የጎዳ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለቅነሳው የሚሰጠው ድርሻ ብዙ ጊዜ ይጋነናል። ቻይና በ2016 ሁለት፣ በ2021 ሦስት ልጅ ፈቅዳለች፤ በ2016 ከ17 ሚሊዮን በላይ የነበሩት ውልደቶች ግን በ2023 9.02 ሚሊዮን ሆነዋል። የተነሣው ክልከላ ነው፤ የልጅ ማሳደጊያ ወጪና የትምህርት ፉክክር አልተነሡም።

በግድ መጨመርን በሚመለከት ሩማንያ ከሁሉ ጎልታ ትታያለች። የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት በጥቅምት 1966 ጽንስ ማቋረጥን በድንገት ከለከለ፤ የእርግዝና መከላከያም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በ1966 274 ሺህ ያህል የነበሩት ውልደቶች በ1967 ወደ 528 ሺህ ዘለሉ፤ ጠቅላላ የወሊድ መጠኑም ከ1.9 ወደ 3.7 ገደማ ደረሰ። በግራፍ ቢሳል እንደ ሹል ጦር የቆመ ነጥብ ይሆናል። ሴቶቹ ግን ክልከላውን የሚያልፉበትን ስውር መንገድ ስላገኙ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መጠኑ ተመልሶ ወደ 2 ወርዶ ነበር። የቀረው ሌላ ነገር ነው፤ በስውር በሚደረግ ጽንስ ማቋረጥ ምክንያት በሩማንያ የእናቶች ሞት ከአውሮፓ ሁሉ የከፋ ሆኖ እስከ 1989 ዘለቀ፣ ክልከላው እንደ ተነሣም ወዲያው አሽቆለቆለ።

ጥያቄ፦ የአምስት አገሮችን የወሊድ መጠን በአንድ ግራፍ ላይ ማስፈር እፈልጋለሁ። ከየትኛው ዓመት ልጀምር? ልደት በማይመዘገብባቸው አገሮች ያለውስ ቁጥር ይታመናል?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ከ1950 ወይም ከ1960 ይጀምራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ተከታታይ መረጃ የሚነሣው ከ1950 ነውና። ይህ ግን ምዕራባውያኑን አገሮች ከኮረብታ አናት ላይ እንደ መጀመር ነው። አሜሪካ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መጠኗ 2.2 ገደማ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነሥቶ በ1957 ከ3.7 በላይ ደረሰ፤ በ1976 ደግሞ ወደ 1.74 ወረደ። ከ1957 የተነሣ ግራፍ ነጻ ውድቀት ያሳያል፤ ከ1930 የተነሣ ግን ያልተለመደው ነገር ከፍታው እንደነበር ያሳያል። ስዊድን ከ1749 ጀምሮ ብሔራዊ ስታትስቲክስ ስላላት ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይችላሉ። ሌሎቹን ከቻሉበት ዓመት ይጀምሩ፤ መስመሮቹ በአንድ ቦታ ካልተነሡም አይጨነቁ።

የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ ባልተሟላባቸው አገሮች ቁጥሩ የሚገኘው ከቆጠራና በ1984 ከተጀመሩት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ነው። ጠያቂዋ ከእናት ጋር ተቀምጣ የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ቀን በተራ ትመዘግባለች፤ የሚወጣውም መጠን ብዙውን ጊዜ ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት ይወክላል። ስህተቱ የሚገባበት ቦታ ይታወቃል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለ ክትባትና ስለ አመጋገብ ረጅም ጥያቄ ስለሚከተል፣ የደከመች ጠያቂ የአራት ዓመቱን ልጅ ስድስት ዓመት አድርጋ የምትመዘግብበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የቅርብ ዓመታቱ ወሊድ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ከአንድ ጥናት ይልቅ የጥናቶችን ተከታታይ ማየት ይመረጣል። ኬንያ በ1970ዎቹ መጨረሻ 8.1፣ በ1993 5.4፣ በ1998 4.7፣ በ2003 4.9፣ በ2014 3.9፣ በ2022 3.4 አስመዝግባለች። በ1998 እና በ2003 መካከል ያለው የ0.2 ጭማሪ በራሱ እምብዛም አያስተማምንም፤ ቅነሳው ለተወሰኑ ዓመታት መቆሙን ግን ተከታታዩ በግልጽ ያሳያል።

ጥያቄ፦ እጅግ ዝቅ ያሉት አገሮች ተመልሰው ከፍ ይላሉ?

መልስ፦ በ2000 አካባቢ ቢጠይቁን ኖሮ የምንመልሰው ከዛሬው ይለይ ነበር። ያን ጊዜ በደቡብና በምሥራቅ አውሮፓ ብዙ አገሮች ከ1.3 በታች ነበሩ፤ ኋላም ከመካከላቸው በርካቶቹ ከፍ ብለዋል። የቼክ ሪፐብሊክ መጠን በ1999 1.13 ነበር፤ በ2021 1.83 ደረሰ። ይህም መዘግየቱ ሲያበቃ የዘገዩት ልጆች ይወለዳሉ የሚለውን ትንታኔ ያጠናከረ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቼክ በ2024 ወደ 1.37 ወርዳለች። ጀርመንም በ2021 1.58 ደርሳ በ2024 1.35 ሆናለች። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ረጅም የወላጅ ፈቃድና በቂ መዋዕለ ሕፃናት ስላላቸው እንደ አርአያ ይጠቀሱ የነበሩት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ጭምር መውረዳቸው ነው። ፊንላንድ በ2010 ከነበራት 1.87 በ2024 ወደ 1.25 ወርዳለች፤ የስዊድን የ2024 መጠን 1.43 ደግሞ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በፊንላንድ ቅነሳው የጎላው በመጀመሪያ ልጅ ላይ ነው፤ ወላጆች ሦስተኛውን መተዋቸው ሳይሆን ብዙዎች የመጀመሪያውንም አለመውለዳቸው ነው ቁጥሩን ያወረደው። በሌላ ወገን እስራኤል ወደ 3 የሚጠጋ መጠን ይዛ ከበለጸጉት አገሮች ሁሉ ተለይታ ትገኛለች፤ በበለጸገ አገር መጠኑ የግድ ከ2 በታች ይሆናል ማለት እንደማይቻል ያሳያል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የ2024 ግምት 2.25 ልጅ ነው፤ በ1960ዎቹ 5 ገደማ ነበር። ከአገሮች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ2.1 በታች ናቸው፤ የዓለም ሕዝብም በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ መቀነስ ይጀምራል ተብሎ ይገመታል።

የደቡብ ኮሪያ መጠን በ2024 ከ0.72 ወደ 0.75 ከፍ ሲል ብዙዎች ተስፋ አድርገዋል። ጭማሪው እውነት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የተላለፉ ሠርጎች ተካሂደዋል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱት በቁጥር በርከት ያሉ ሴቶችም ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብተዋል። ከዚህ ውስጥ የዘገየው የትኛው፣ የቀረው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን የእኩዮቹ ስሌት መዘጋት አለበት፤ በ1995 የተወለዱት ኮሪያውያን ሴቶች 45 ዓመት የሚሞላቸው በ2040 ነው።